አይዞሽ

ስሙን ያወጣለት ይትባረክ ነበረ፤
አንደኛው ክረምት ነው፣ ቀኑ እያጠረ፣
ከጎስላር ዳገት ላይ፣ ጣራው ጥቁር ድንጋይ፣
ቀን ሙሉ ተኝቼ፣ ውጭውንም ሳላይ።
ቡችላ ይዞ መጣ፣ በኮት የታቀፈ፣
አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የታጠፈ።
«ማነው ይሄ?» ብለው፣ «አይዞሽ ነው» አለኝ፤
«አሥሬ ስትጠሪው ልብሽም ይስማልኝ።»

ባገሬ ለውሻ ስም የሚወጣለት
ለጎረቤት ነበር፣ እንዲሰማው ጠላት፤
ይሄኛው ለኔ ነው፣ ለገዛ ጆሮዬ፤
በጥድ ደን ስጣራ፣ ጥዱም አይዞሽ ባዬ።
ፍራው ኢርምትራውድ ከክትባት ደብተሩ
አንብባ «አይጾሽ!» ስትል ከአጥሩ፣
ጭራውን ይቆላል።
ፊደል መች ሊገደው።

እኔ ባደግሁበት ውሻ ቤቱ ከደጅ፣
ቀሚስ ከነካማ ይታጠባል እንጅ።
ሦስት ወር በጓንት ነው የደባበስሁት፤
በአራተኛው ግን ጓንቱን ዘነጋሁት።

«ጅብ ከሄደ ወዲያ ውሻ ጮኸ» ሲሉ፣
የኛን አላዩትም የተረቱት ሁሉ።
ወለላ አምስት ዓመቷ፣ ጥቅምት መጨረሻ፣
ፖም ልትለቅም ወጥታ ከአጥሩ መዳረሻ፣
ከጥዱ ሥር ወጣ ከርከሮ ብቻውን፣
እንደ ማጭድ ስሎ የክራንቻ ጥርሱን።
እኔ ከመስኮት ነኝ፣ ሳህን አለ በእጄ፤
አልጮህሁ፣ አልሮጥሁም፤ «ልጄ» አላልሁም «ልጄ»።
እሱም አልጮኸ። ለጩኸት ጊዜ የለ።
መሃላቸው ገባ፣ እንደ በር ተተከለ።
ወደቀ። ተነሣ። ደግሞ ወደቀና
ደግሞ ተነሣ፣ ጎኑ ተከፍቶ እንደገና።
ከርከሮው ሲመለስ እሱ እዚያው ነበር፤
ልጄን በጀርባው ገፍቶ አስጠግቷት ካጥር።

ዶክተር ሄኒንግ ሰፋው፣ አርባ አንድ ስፌት፤
ወለላ እስከ አርባ መቁጠር ቻለች በዚያ ለት።

ከዚያ ስድስት ዓመት፣ በሦስት እግር ተኩል፣
አውቶቡስ ድረስ ሸኛት፣ ከእርምጃዋ እኩል።
በመመለሻዋም፣ ማንም ሳይነግረው፣
ፌርማታው ጠርዝ ላይ ነው የምናገኘው፤
ዝናብ ቢሆን ዝናብ፣ ጉም ቢሆን በጉሙ፣
የሾፌሮቹ አፍ ላይ ገብቶ ነበር ስሙ።

የካቲት ላይ አበቃ።
እራቱን አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣
ያንተው ይሁን እንደሚል እንግዳ ተወልኝ።
ሄኒንግ ቤት ድረስ መጣ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣
ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ እንደኛው ተጨንቆ።
ወለላ ጆሮውን ይዛ፣ የታጠፈውን፣
አንዲት ቀጭን መርፌ፣ ከርከሮ ያልጣለውን—

መሬቱ በረዶ፣ አካፋ አይበሳውም፤
ፍራው ኢርምትራውድ መጣች፣ ምንም አላለችም፤
የማዕድን ቆፋሪ የሟች ባሏን ዶማ
ለይትባረክ ሰጥታ ቆመች በጨለማ።
ማታ ድንች ሾርባ በፎጣ ጠቅልላ፣
ደግማ መጣችና ቁጭ አለች ሳትበላ።
ማንም አላስተማራት የለቅሶ ቤት ወጉን፤
ዝም ብላ አሻሸች ባዶውን ምንጣፉን።

እማዋይሽ፣ እህቴ፣ ስትደውል ሰማችኝ፤
«ማነው የሞተው?» አለች፣ ክው ብላ፤ «ንገሪኝ!»
ነገርኳት። ሳቀች። «ለውሻ ይለቀሳል?
ሰው ቢሰማስ?» አለች። እውነቷን ነው። ያስቃል።
ነፍስ ይማር አልልም፤ ቄስ የለው፣ ፍታት የለው፤
አርባ አይወጣለትም፤ አርባ አንድ ስፌት አለው።
«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ከተባለ፣
ዛሬ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ እሱ የለ።
በሩ ሥር ጭረቱ፣ ሶፋው ላይ ጠጉሩ፣
ሚስማሩ ላይ ማሰሪያው፣ የላላው ከዳሩ፤
ጠዋት ስነቃ እግሬ ያልፈዋል ተራምዶ
የሌለውን ጀርባ፣ እንዳይረግጠው ፈርዶ።

እህቴ ሳቋ አለቀ፣ ዝምታዬን ሰማች፤
«በይ እሺ፣ አይዞሽ» አለች።
ስልኩ ከጠረጴዛው ላይ፣ ድምፁ ተለቆ ነው።

ወለላ ከደብተሯ ብድግ አለች፣
ሄዳ በሩን ከፈተች።